ጉልሕ ፊደል በአዘዞ መንገድ

አዘዞ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የሚመጣው አስፋልት፣ ከመተማ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ ሽቅብ የሚወጣው፣ ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው፣ ከጎንደር መሐል የሚወርደው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ስለዚህ በአዘዞ ግራና ቀኝ የተሰቀለ ጽሑፍ አንባቢው ቆሞ የሚያነበው አይደለም። ሲኖትራክ የሚነዳው፣ ባጃጅ ላይ የተቀመጠው፣ በሚኒባስ መስኮት የሚያየው ሰው ፋርማሲውን ከጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱን ከባንኩ ቅርንጫፍ ለመለየት ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 40 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ በየታፔላው፣ በየባነሩና በየስልኩ ላይ እየገነነ የመጣው አጻጻፍ ዲዛይነሮች «ቦልድ ጂኦሜትሪክ ሳንስ» የሚሉት ነው። መስመሩ ወፍራም ነው፤ ውፍረቱም ከአናት እስከ እግር አይለዋወጥም። ጫፉ የብርዕ ቅርጽ የለበትም፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ክቡ በኮምፓስ፣ ቀጥታው በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ? ለግእዝ ፊደል ምን ያህል ይስማማል? የት ሊውል ይገባል፣ የትስ አይገባም? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አጻጻፉ ያስፈልገናል፤ ለአዘዞ ዓይነት መንገድ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን አሁን በብዛት የምናየው የላቲን ፊደል አካል እየተቆረጠ የተገጣጠመበት ነው። ከአዘዞ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎንደር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የራሷን ደማቅ ፊደል አጎልምሳ ነበር። መነሻችን እርሱ መሆን አለበት።

በአውሮፓ ጂኦሜትሪያዊው ፊደል የ1920ዎቹ ልጅ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ሬነር የቀረጸው ፉቱራ እ.ኤ.አ. በ1927 ፍራንክፈርት ከሚገኘው የባወር የፊደል ማቅለጫ ወጣ። ከእርሱ አስቀድሞ፣ በ1916፣ ኤድዋርድ ጆንስተን ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ያዘጋጀው ፊደል ክብ የሆነውን የላቲን ኦ ከመንገደኛ ጋር አስተዋውቆ ነበር። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትቶት የተመለሰው ሰሌዳ በፉቱራ የተጻፈ ነው። በ2008 የኦባማ የምርጫ ዘመቻ የተጠቀመበትን ጎታም ደግሞ ቶባያስ ፍሬር ጆንስ የቀረጸው በኒው ዮርክ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ካሉ ጽሑፎች፣ በተለይም ከአንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ግንባር ላይ ከተለጠፈው ተነሥቶ ነው። የቦነስ አይረሷ ዲዛይነር ዩሊዬታ ኡላኖቭስኪም እንዲሁ የሰፈሯን አሮጌ ታፔላዎች አጥንታ ሞንሴራትን ቀረጸች፤ ፊደሉ ስሙን ያገኘው ከሰፈሩ ነው። ዛሬ ሞንሴራት የአማርኛ ታፔላ የእንግሊዝኛ መስመርን ሳይቀር እያስጌጠ ይገኛል። ዓለም አቀፍ የሚመስለው ፊደል ከአንድ ሰፈር ግድግዳ የተነሣ ነው ማለት ነው። አንድ ሰፈር ለዓለም ፊደል ካወጣ፣ ጎንደር ለአማርኛ አንባቢ የማታወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ፉቱራ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ላይ ስለ እኛው ፊደል ስናወራ ያስፈልገናል። የሬነር ክብ እንደሚመስለው የኮምፓስ ክብ አይደለም። ክቡ ከቀጥታው መስመር ጋር በሚጋጠምበት ቦታ መስመሩ ይቀጥናል። አግድሙም ከቁመቱ ጥቂት ይሳሳል፤ ዓይን እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት መስመሮች አግድሙን አስወፍሮ ስለሚያየው ነው። ክብ ፊደል ከጎረቤቱ ትንሽ እንዲበልጥ ይደረጋል፣ አለዚያ አንሶ ይታያል። ጂኦሜትሪያዊ የሚባለው ፊደል ጂኦሜትሪያዊ የሚመስለው ከጂኦሜትሪ በጥንቃቄ ስለራቀ ነው። በየማስታወቂያ ቤቱ በኮረል ድሮው ክብና አራት ማዕዘን አገጣጥሞ ፊደል የሚሠራ ወጣት የሚስተው ይህንን ነው።

የጎንደር ፒያሳ ይህን ቅርጽ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ጣልያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የመጨረሻው ጦሩ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚሁ ምድር እጁን እስከ ሰጠበት ጊዜ ድረስ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውንና ሌሎችን ሕንፃዎች በዚያ ዘመን ፋሽን አቆመ። የተጠጋጋ ማዕዘን፣ ለጥ ያለ ግድግዳ፣ ጌጥ የሌለው አግድም መስመር የእነዚህ ሕንፃዎች መለያ ነው። የሮማ ፋሺስቶች በሕንፃዎቻቸው ግንባር ላይ መፈክራቸውን የሚጽፉትም በእንዲህ ዓይነቱ ወፍራምና ጌጥ አልባ ፊደል ነበር። ቅርጹ ግን የአንድ ወገን ንብረት አይደለም። ፉቱራን የቀረጸው ሬነር ራሱ ናዚዎችን በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1933 ታስሯል። የፒያሳን ሕንፃዎች ዛሬ የሚጠቀምባቸው ጎንደሬው ነው፤ ለጥ ባለው ግድግዳቸው ላይ ደግሞ ንጹሕ መስመር ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከማንኛውም አጻጻፍ ይልቅ ይስማማል።

የራሳችን ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይረዝማል። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት ያስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች መስመራቸው በመሮ የተቆፈረ ስለሆነ ውፍረቱ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። እንግዲህ ጌጥ የሌለው፣ ወጥ ውፍረት ያለው ፊደል ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የግእዝ ፊደል በድንጋይ ላይ ሳለ እንዲያ ነበር። ወፍራምና ቀጭን የተለየው ጽሕፈቱ ወደ ብራና ሲሻገር፣ የመቃ ብርዕ ሲይዝ ነው። የብርዑ አፍ ሰፊ ስለሆነ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም እግር፣ ወደ ጎን ሲገፋ ቀጭን መያያዣ ይወጣዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የጎንደር ዘመን ነው። አጼ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ፣ የጽሕፈት አጥኚዎች «ጉልሕ» ብለው የሚለዩት አጻጻፍ ጎልቶ ወጣ። ጀርመናዊው ሲግበርት ኡሊግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ሰፊ የግእዝ ጽሕፈት ጥናት ለዚህ አጻጻፍ የራሱን ዘመን ሰጥቶታል። ጉልሕ ትልቅ ነው፣ ቁመናው ቀጥ ያለ ነው፣ እግሩ ወፍራም ነው፤ ፊደል ከፊደል ጋር አይጨናነቅም፣ በፊደሉ ሆድ ውስጥም ነጩ ብራና በደንብ ይታያል። ረቂቅ የተባለው አጻጻፍ ግን ደቃቅና ጠባብ ነው፤ ብዙ ቃል በትንሽ ብራና ለማስፈር ይመቻል። ጉልሕን የጻፉት ሊቃውንት ለቤተ መንግሥትና ለታላላቅ አድባራት የሚሆን መጽሐፍ ነበር የሚጽፉት፤ መጽሐፉ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ከፊቱ ቆሞ የሚነበብ ነው። ትልቅና ከሩቅ የሚለይ ፊደል ያስፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። የታፔላ ሠሪው ችግርም ያው ነው፣ ርቀቱ ብቻ ይለያያል።

የሚያንገበግበው ነገር ከጉልሕ ምርጥ ናሙናዎች ብዙዎቹ አገር ውስጥ አለመኖራቸው ነው። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ተወሰዱ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የአዘዞ ወጣት የአያቶቹን ደማቅ ፊደል በአካል አይቶ ለማጥናት ለንደን መሄድ የለበትም። በጎንደር አድባራት የቀሩትን መጻሕፍት፣ በእምነቱ ሥርዓትና በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ፊደላቸውን ብቻ አቅርቦ በፎቶ ማንሣት በጣም ያስፈልጋል። ለጥናቱ የሚበቃው የአንድ ገጽ ሩብ ነው።

ኅትመቱ ሌላ መንገድ ሄደ። ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ በብረት ፊደል የታተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። የረዱትም በቫቲካን ቅዱስ እስጢፋኖስ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። አገር ቤት ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከነጻነት በኋላም በ1933 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው አዲስ ዘመን የአማርኛን ርዕስ ፊደል ለብዙኃኑ አስለመዱ። ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙለት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደግሞ በጥቂት ቁልፍ ብዙ ፊደል ለማውጣት ሲል የካዕቡን፣ የሣልሱን፣ የኀምሱን ምልክት ከፊደሉ ለይቶ መቀጠል ግድ ሆነበት። ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ ወጥ ውፍረት ያለውን አማርኛ በየዕለቱ ማንበብ የጀመረው በዚያ ነው። በአብዮቱ ዘመን መፈክር በጨርቅና በግድግዳ ላይ በትልልቁ ሲጻፍ፣ የቀለም ቅብ ባለሙያው እጅ ያንን ወፍራም ፊደል ለአደባባይ አወጣው። የዛሬው ታፔላ የቅርብ ዘመዱ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ አካል እንግባ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ለጂኦሜትሪ የተመቹ ፊደሎች አሉን። ዐ ሙሉ ክብ ነው። ፀ ያው ክብ ሆኖ ወገቡ ላይ አግድም መስመር አለው፤ ወ ደግሞ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ቀ በክቡ መሐል ምሰሶ ያልፍበታል። ሀ እና በ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሊመስሉ ይችላሉ። ይህን ያየ ሰው የግእዝ ፊደል ለኮምፓስና ለማስመሪያ የተፈጠረ ነው ብሎ ይጓጓል። ጉጉቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው መስመሩን ማወፈር ሲጀምር ነው። ዐ፣ ፀ እና ወ በውጭ ቅርጻቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በሆዳቸው ባለው መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ሲወፍር ሆዱ ይሞላል፤ ሆዱ ሲሞላ ከ40 ሜትር ላይ ሦስቱም ጥቁር ድቡልቡል ይሆናሉ። መፍትሔው በጉልሕ ውስጥ አለ፦ ውጭውን ማወፈር፣ የውስጡን መስመር ማሳሳት፣ ክቡንም ወደ ጎን ትንሽ መለጠጥ። እንዲህ ሲሆን ፊደሉ የኮምፓስ ክብ መሆኑ ይቀርበታል፣ ይነበባል ግን።

ከዚህ የከፋው የቀለበቶቹ ነገር ነው። ኀምሱ በቀኝ እግሩ ሥር ትንሽ ቀለበት ይይዛል፤ ቤ፣ ሌ፣ ሴ ማለታችን ነው። ሎ፣ ሮ እና ቶን የመሳሰሉ ሳብዖች ቀለበታቸው አናታቸው አካባቢ ነው። ጨ ከጠ የሚለየው በእግሮቹ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀለበቶች ነው። በወፍራም ፊደል ውስጥ እነዚህ ቀለበቶች ተደፍነው ነጠብጣብ ይሆናሉ። ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተር ደግሞ በጣም ትንሹን ቀዳዳ ይቀደዋል ወይም ሲላጥ አብሮ ይነሣል። በቤት፣ በሆቴልና በፋርማሲ የሚተዳደር ከተማ «ቤ» እና «ቴ» የማይታዩበት ፊደል ሊጠቀም አይችልም። ቀለበቱ ከሌላው አካል ቀጥኖ፣ ከልማዱም ሰፍቶ መሣል አለበት፤ ቦታ ከጠበበ እግሩ ይጠር እንጂ ቀለበቱ አይደፈን።

ሦስተኛው ችግር የእግር ርዝመት ነው። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው፤ በ ሁለቱም እኩል ናቸው። ዳ እና ዶም እንዲሁ። ፊደሉ ወፍሮ አጭር ሲሆን የእግሮቹ ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀራል፣ አንባቢውም ከዐረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል። በታፔላ ላይ ግን ዐረፍተ ነገር የለም፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የዚህ ምርጥ ፈተና አዘዞ ራሷ ናት። በስሟ ውስጥ ዘ እና ዞ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሚለያቸውም ከዞ ግርጌ በግራ በኩል የምትወርደው አጭር እግር ናት። ያችን እግር አሳጥሮ የሚሠራ ፊደል የከተማዋን ስም በቅጡ መጻፍ አይችልም። ማንኛውም ወፍራም የአማርኛ ፎንት በቀረበልኝ ጊዜ አስቀድሜ የማጽፈው «አዘዞ» የሚለውን ነው።

አራተኛው ስፋት ነው። የፊደሎቻችን ስፋት ይለያያል፤ ነ ጠባብ፣ ሐ እና ጠ ባለ ሦስት እግር ናቸው። ሁሉንም በእኩል ሳጥን ለማስገባት የሞከረ ሰው ነን ያሰፋዋል፣ ጠን ያጨናንቀዋል። የጎንደር ጸሐፊ እንዲህ አላደረገም፤ ባለ ሦስት እግሩን ቦታ ሰጥቶታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ የፊደሎችን ስፋት እኩል ማድረግ ዘመናዊነት ሊባል አይገባውም፣ ንባብን መጉዳት ነው።

የፊደልን ቅርጽ ማዛባት የሚነካው የሰለጠነ አንባቢን ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶችና አባቶች ፊደልን የሚያውቁት ከገበታው ላይ በነበረው ቅርጹ ነው። ሰን የላቲን ፊደል ያስመሰለ፣ የአን አንገት የቆረጠ ታፔላ እነርሱን ከንባብ ያስወጣቸዋል። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በሸራው ላይ ፊደልን ሲያፈርስና ሲገነባ ሥነ ጥበብ ነው፣ ተመልካቹም ቆሞ ለማሰብ መጥቷል። ጤና ጣቢያውን የሚፈልግ ሰው ግን ለዚያ አልመጣም።

በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ሁኔታ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከነበረው በጣም ይሻላል፣ ግን ክፍተት አለበት። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓወር ግእዝንና ቪዥዋል ግእዝን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር፤ የርዕስ ፊደሎቻቸውም እስካሁን በየማተሚያ ቤቱ በሥራ ላይ ናቸው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ የቀረጹት፣ የብርዕን ጠባይ የጠበቀ ቆንጆ ፊደል ነው። ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤልም እንዲሁ ነው። ታዲያ ጸሐፊው ቦልድ የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒውተሩ ያልተሣለውን ውፍረት ከራሱ ይፈጥራል፦ የፊደሉን ዳር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሳብጠዋል። ቀለበቶቹ የሚደፈኑት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በኮረል ድሮው በፊደሉ ዙሪያ መስመር ጨምሮ ማወፈርም ያው ነው። በአዘዞም ሆነ በአዲስ አበባ ከሚታየው የተደፈነ ጽሑፍ ብዙው ንድፉ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ንድፍ ስላልነበረው ነው።

በነጻ ከሚገኙት የጎግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱም በቅጡ ተስተካክሏል። የማይክሮሶፍት ኤብሪማም ወጥ ውፍረት ያለው አማርኛ ይዟል። ለታፔላ ሠሪ ዛሬ የምመክረው ኖቶን ነው፣ ያውም እጅግ ወፍራሙን ሳይሆን ከእርሱ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለውን። ነገር ግን ኖቶ የተሠራው ለዓለም ቋንቋዎች ሁሉ እንዲስማማ ነው፤ ጨዋ ነው፣ የማንም ሰፈር አይደለም። ለጎንደር ከተማ፣ ለፋሲል ከነማ ማሊያ፣ ለጥምቀት በዓል የሚሆን መልክ ከእርሱ አይጠበቅም።

የት ይዋል ለሚለው፣ መልሱ በቃሉ ቁጥርና በርቀቱ ይወሰናል። ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም አጭሩና በጣም ጠቃሚው የአማርኛ ጽሑፍ በቀዩ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ላይ ያለው «ቁም» ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ፊደል ነው፤ ወፍራምና ጌጥ አልባ መሆን አለበት። የተሽከርካሪ ሰሌዳ ላይ ያለው አጭር ጽሑፍም እንዲሁ። የቦታ ጠቋሚ ሰሌዳ፣ አዘዞ መገንጠያ ላይ ወደ አይከልና ወደ መተማ የሚመራው ዓይነት፣ ወፍራም ይሁን እንጂ በጣም አይወፍር። የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ክሊርቪው የተባለውን ፊደል እ.ኤ.አ. በ2004 የፈቀዱት፣ ሌሊት የመኪና መብራት ያረፈበት ነጭ ፊደል ብርሃኑ እየፈሰሰ ሆዱን ስለሚደፍን፣ የሰፋ ሆድ ያለው ፊደል በማስፈለጉ ነበር። ባለ ቀለበቱ የእኛ ፊደል ይህ ችግር በእጥፍ ይብስበታል። በጨለማ መደብ ላይ ያለ ነጭ ጽሑፍና ከውስጥ የሚበራ ላይት ቦክስ በነጭ መደብ ላይ ካለው ጥቁር ጽሑፍ አንድ ደረጃ የቀጠነ ፊደል ይፈልጋል። ማታ በጎንደር መንገድ የሚበሩት ቀይ የኤልኢዲ ጽሑፎች የማይነበቡት በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

መጠንን በተመለከተ፣ በላቲን ታፔላ ሥራ የተለመደው ግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል እስከ አሥር ሜትር ገደማ ይነበባል ይላል። በዚህ ስሌት ለ40 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ለአማርኛ ግን በውስጡ የያዘው ዝርዝር ስለሚበዛ ከ15 በታች መውረድ የለበትም ባይ ነኝ። ቀለሙም መታሰብ አለበት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ያለው የአዘዞ ፀሐይ ቀይ ስቲከርን ቀድሞ ያነጣዋል። ዋናው ስም በጥቁር ወይም በጥልቅ ሰማያዊ ይጻፍ፤ ቀዩ ለጌጥ ይቅር።

የባነር ነገር ለየት ይላል። በጥር ወር ለጥምቀት፣ በዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞን፣ በሠርግ ወቅት ከተማው በባነር ይሞላል። ባነር በነፋስ ይርገበገባል፣ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ወፍራም ፊደል ይስማማዋል። ግን በአንድ ባነር ላይ ሁሉም መስመር ወፍራም ከሆነ ምንም ወፍራም የለም። ላቲን ለማጉላት ትልቁ ፊደል አለው፣ ዘንበል ያለውንም ይጠቀማል። እኛ ሁለቱም የሉንም። በብራናው የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መግቢያ በቀይ ቀለም ይለይ ነበር እንጂ በውፍረት አልነበረም። በኅትመት ዘመን ያንን ሥራ የወሰደው ውፍረት ነው። እንግዲህ ውፍረት ለአማርኛ ብቸኛው ማጉያ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ ሁሉም ቦታ ከፈሰሰ ሌላ የሚተካው የለም። በባነር ላይ የሠርገኞቹ ስም ወይም የበዓሉ ስም ይወፍር፣ ቀኑና ቦታው በመካከለኛ ይጻፍ።

የማይገባበትን በአጭሩ ልበል። ረጅም ጽሑፍ ላይ አይዋል፤ ሁለት አንቀጽ የሆነ ወፍራም አማርኛ ዓይንን ያደክማል። የመድኃኒት መመሪያ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሙሾና የኀዘን መልእክት፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የብርዕ ጠባይ ያለው ፊደል ነው የሚገባቸው። የጸሎት መጽሐፍ ሽፋንን በመጠጥ ማስታወቂያ ፊደል የሚጽፍ ማተሚያ ቤት አንባቢውን አላከበረም።

ብዙ የማይወራለት ግን እኔን አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ የሁለት ቋንቋ ታፔላ ነው። ዲዛይነሩ ለእንግሊዝኛው ስም ሞንሴራትን ወይም ጎታምን በወፍራሙ ይመርጣል፤ እነዚያ ፊደሎች አማርኛ ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ አማርኛውን በራሱ ቀጭን ፊደል ይተካዋል። ውጤቱም እንግሊዝኛው እየጮኸ አማርኛው ከሥሩ የሚያንሾካሹክበት ሰሌዳ ነው። ይህ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ቢሆን አንባቢው ማን እንደሆነ ያሟግታል። በአዘዞ ግን አያሟግትም። እዚህ ታፔላውን የሚያነበው ጎንደሬ ነው። የአማርኛው መስመር ከላቲኑ እኩል ውፍረት፣ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶም የበለጠ ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ ትንንሾቹ ዝርዝሮች እንዲታዩ የሚያስችለው ያ ጭማሪ ነው።

እንግዲህ ጎንደር የራሷ ወፍራም ፊደል እንዲኖራት የሚሻ ወጣት ቀራጭ ሥራውን 231ዱንም ፊደል በመሣል መጀመር የለበትም። በመጀመሪያ ከጉልሕ ገጾች ላይ የእግሩንና የሆዱን ነጭ መጠን ይለካ። ቀጥሎ ሀ፣ በ፣ ዐ፣ ፀ፣ ወ፣ ቀ፣ ቤ፣ ሎ፣ ጠ፣ ጨ፣ ዘ እና ዞን ይሣል። በእነዚህ ላይ የተፈታ ችግር በሌሎቹም ላይ ይፈታል። ከዚያ አዘዞ፣ ጭልጋ፣ አይከል፣ ገንዳ ውኃ፣ መተማ፣ ማክሰኝትና ቆላ ድባ ብሎ በ15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያትም፤ ከመንገዱ ዳር ያቁመውና በ40 ሜትር ርቀት ለባጃጅ ነጂውም፣ ገበያ ለምትሄደው እናትም፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለቆጠሩት አዛውንትም ያስነብብ። አንዱ «ዞ»ን «ዘ» ብሎ ካነበበ እግሩን ያርዝመው። «ቤ» ነጠብጣብ ከመሰለ ቀለበቱን ይክፈተው። በቀን ከታየ በኋላ በማታ የመኪና መብራት ይሞከር፣ በሐምሌ ጭጋግም እንደገና ይታይ። ቀሪዎቹን ፊደላት፣ ቍጥሮቹንና ነጥቦቹን መሣል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።